«የኔ!» ያልክባት ኳስ

ኩፒሽኪስ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2018

ውድ ወንድሜ አልቪዳስ፣

እንዴት ከርመሃል? እዚያ በርገን ዝናቡ አላባራ እንዳለ ለእማማ በስልክ ነግረሃታል አሉ። እኛ ደህና ነን። እማማን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ድንቹን አውጥተን ጨርሰናል፤ ዱባው ግን ዘንድሮ አልሆነልንም። በስልክ የኳስ ነገር ባነሳሁ ቁጥር «መስመሩ አይሰማም» ብለህ ስለምትዘጋብኝ ነው በወረቀት የመጣሁብህ። መቅደድ ካማረህም አንብበህ ቅደደው።

ቡድናችን ከአስር ሰባተኛ ነው። ባለፈው እሁድ ሠላሳ ሰባት ተመልካች ነበረን፣ የዘበኛውን ውሻ ጨምሮ። የቀረው ከተማ ቅርጫት ኳስ እያየ ነው፤ ይህን ላንተ አላስረዳም። አሰልጣኝ ከሆንኩ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ድምፄ አልቋል።

ኤርኔስታስ የሚባል በረኛ አለን፤ ሥራው ቧንቧ መጠገን ነው፣ ዝምተኛ ሰው። ከፊቱ የሚከላከለው ታውትቪዳስ ረጅም፣ ጉረኛ፣ ቁርጥ እኔን ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ በአንዱ ጨዋታ ከፍ ያለች ኳስ መጣች። ኤርኔስታስ «የኔ!» ብሎ ወጣ፤ እኔ እንኳ ከዳር ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ታውትቪዳስ ግን ዘለለ፤ ተጋጩ፤ ኳሷ ከበረኛው እጅ ወድቃ እየተንከባለለች ገባች። ተሸነፍን። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብተን ታውትቪዳስን «ጠርቷል ወይስ አልጠራም?» አልኩት። «አልጠራም» አለ። ኤርኔስታስን አየሁት። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።

አልቪዳስ፣ አንተም ያን ቀን የጫማህን ክር ነበር የፈታኸው። አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ እዚያው፣ ለአስራ ስምንት ሰው፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ካንተ በፊት እነሱ መስማታቸው ያሳፍረኛል።

የ1997ቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። አቻ ብንወጣ ወደ አንደኛው ሊግ እናልፍ ነበር፤ ደቂቃም አልቀረንም። «የኔ!» ብለህ ወጣህ። ጥርት አድርጌ ሰማሁህ። ነገር ግን ከሪጋ የመጣው ተጫዋች መልማይ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ኳሷን በጭንቅላቴ ሳርቃት እንዲያየኝ ፈለግሁ። ዘልዬ ገጨሁህ፤ ከእጅህ አምልጣ ገባች። ኋላ አሰልጣኙ ሲጠይቀኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ «አልጠራም» አልኩ። አንድ ጊዜ ቀና ብለህ አየኸኝና ወደ ክርህ ተመለስክ።

መልማዩ ወሰደኝ። ሪጋ ሁለት ዓመት፣ ፖላንድ ዓመት ተኩል፣ ከዚያ ጉልበቴ እምቢ ሲል ወደ ቤት። አምበል አደረጉኝ፣ ቀጥሎ አሰልጣኝ፣ አራት ቁጥር ማልያዬንም ክለቡ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። አንተ እዚያ በርገን ዓሣ ፋብሪካ ገባህ። እዚህ ደግሞ ብርጭቆ ያመለጠው ሁሉ «አልቪዳስ፣ ያዛት!» ይባል ጀመር፤ ሰርግ ላይ፣ ገበያ ላይ። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። የአባባ ቀብር ዕለት፣ ከመቃብር መልስ ምሳ ላይ፣ አንዱ ብርጭቆ ጥሎ ሌላው ያንኑ ሲጮህ አጠገብህ ነበርኩ። ሳህኔ ላይ አቀረቀርኩ። አንተ በማግስቱ ሄድክ፤ ይኸው ስድስት ዓመት አልመጣህም።

ወደ ተጫዋቾቹ ልመለስ። ተናግሬ ስጨርስ ታውትቪዳስ «አሰልጣኝ፣ ጠርቶ ነበር። ሰምቼዋለሁ» አለ። ኤርኔስታስ «እሺ» ብቻ ብሎ ጫማውን አወለቀ።

ከዚያ እማማ ዘንድ ሄድኩ። በጨው የተዘፈዘፈ ኪያር የያዘ ማሰሮ ቦርሳዬ ውስጥ እየከተተችልኝ ሳለ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ማሰሮውን አውጥታ መደርደሪያው ላይ መለሰችው። «ይሄ የአልቪዳስ ነው» አለች። «ለኔ ምን ታወራለህ፤ ለሱ ጻፍለት።» ሾርባ ትሰጠኛለች፣ ወሬ ግን የለም።

ማልያውን ራሴ አወረድኩት። የክለቡ ሊቀመንበር ብሮኒዩስ «ተው እንጂ፣ ሰው ረስቶታል» አለኝ። ብርጭቆ የጣለ ሰው ጠይቅ አልኩት።

ትናንት የቡድኑ ምሳ ነበር። ታውትቪዳስ የድንች ድቡልቡል በሳህን ደርድሮ ሲያልፍ አንዱ ሳህን አመለጠውና ተሰበረ። ሁሉም ወደኔ ዞረ፤ ወሬውን ያልሰማ የለማ። ድስቱን የምታማስለው አልዶና፣ ታስታውሳታለህ፣ ከጓዳ ሆና የኔን ስም ጠርታ «ቫይዶታስ፣ ያዛት!» ብላ ጮኸች። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ጆሮዬ ግን ነደደ። ዛሬ ጠዋት ዳቦ ቤት ደገሙልኝ። ሃያ አንድ ዓመት ይህን ተሸክመህ እንዴት ቻልከው?

ኖቬምበር ሦስት እማማ ሰማንያ ትሞላለች። ሥራ አለብኝ ብለሃታል። ሥራ እንዳልሆነ እኔም እሷም እናውቃለን። ሁለት ቀን ቀደም ብለህ ከመጣህ አባባ መቃብር ላይ አብረን ሻማ እናበራለን። ሳህን ቢሰበር ስምህን የሚጠራ የለም፤ አሁን የሚጠራው የኔ ነው። ከኔ ጋር መቀመጥ ባትፈልግም ግድ የለም፣ እሷ ጋ ተቀመጥ። ማሰሮው እስካሁን አልተከፈተም።

እግዜር ከባሕሩም ከብርዱም ይጠብቅህ።

ሰምቶህ የነበረው ወንድምህ፣
ቫይዶታስ