ሻንጣችንን ያስወረዱን እትዬ ትበርህ

ቦሌ ሚካኤል፣ ሰኔ 1975 ዓ.ም.

ውድ ዓለምሰገድ፣ እግርህ ተሻለህ? ለኢትዮጵያ ዋንጫ ፍጻሜ አለፍን! የተሸነፈ በዚያው ስለሚሸኝ፣ እንደ ወትሮው ከጨዋታው በፊት ሻንጣችንን አውቶቡስ ላይ ጫንን። ያሳደሩን እትዬ ትበርህ ግን በር ላይ ቆመው፣ «አውርዱ! ማታም እዚሁ ነው የምታድሩት» አሉን። የቡድን መሪያችን ጓድ ገረመው እንኳ ሻንጣቸውን አወረዱ፤ እኛም አወረድን። ሸገሮቹን አንድ ለባዶ ረታናቸው! ሜዳው እንደ ኮምቦልቻችን ጠጠር ሳይሆን ሣር ነው፤ ጉልበታችን ሳይላጥ ማሸነፍ ብርቅ ሆነብን። ስንመለስ ፍራሻችን ተነጥፎ ጠበቀን።

የፖስት ካርዱ ቦታ ሊያልቅብኝ ነው፤ እናትህንና ሠፈሩን በሙሉ ሳምልኝ። እሑድ ከፍጻሜው በኋላ እንመጣለን። ልብሴን በጓደኞቼ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ የኔን ባዶ አድርጌዋለሁ፤ ውስጡ የቀረው ዋንጫውን የምጠቀልልበት ያንተ ማሊያ ብቻ ነው።

አምደሚካኤል