ሻጭ ሆኖ ስለተቀጠረው ማስጠንቀቂያ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 11። የጠዋት ሽያጭ፦ ሁለት ጓጉንቸር፣ አንድ ጥቅል ገመድ፣ አንድ ባልዲ። ዋጋ ጠይቆ የሄደው ከገዛው ይበልጣል። ገበያው ቀዝቀዝ ስላለ የሚከተለውን ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አንዱን ቅጂ ለጽሕፈት ቤቱ እሰጣለሁ፣ ሌላውን ሱቄ በር ላይ እለጥፋለሁ።

ለተከበሩ የሸማቾች ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በተረጋጋ መንፈስ፣ ዕቃ ለመግዛትም በማይቸኩሉበት ሰዓት እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በዋናው መንገድ ዳር የምሠራ ትንሽ ነጋዴ ስሆን፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ትልቁ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ስለሚገኝ፣ ደንበኛ ባጣሁ ቁጥር የእሱን ደንበኞች ስመለከት እውላለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ «ከመግዛትዎ በፊት ያስቡ» የሚል ትልቅ ማስጠንቀቂያ አሳትሞ፣ ማኅተሙንም ጉልህ አድርጎ በዚያ መደብር መግቢያ ላይ ስለሰቀለልን የላቀ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ማስጠንቀቂያው ከተሰቀለ ወዲህ የመደብሩ ገበያ መድራቱን በደስታ እገልጻለሁ። ይህን ደስታ ያደፈረሱብኝ ጥቂት ነገሮች እነሆ።

አንደኛ፦ ማስጠንቀቂያው የተሰቀለው «የዛሬው ቅናሽ የመጨረሻ ቀን» ከሚለው ጽሑፍ ጎን በመሆኑ፣ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ያነባቸዋል፤ አንብቦም የሚረዳው እንዲያስብ መመከሩን ሳይሆን፣ ጽሕፈት ቤትዎ ቆሞ ለቅናሹ እንደመሰከረለት ነው። ለምሳሌ ሩቅ አልሄድም። ታናሽ እኅቴ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን የደንብ ልብስ እሷ ዘንድ ሊያሰፋ ቃል ገብቶላታል፤ ሥራውን የምታገኘው ግን የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝመውን፣ ኦቨርሎክ የሚሉትን ማሽን በዚህ ሳምንት ከገዛች ብቻ ነው፤ እስካሁን ጠርዙን ሌላ ሰፊ ዘንድ እየላከች ስታዘገይ ታግሠዋታል፣ ከእንግዲህ አይታገሡም። ለማሽኑ ያጠራቀመችውን ይዛ ወጣች፤ በዚያ በር አለፈች፤ ለማቀዝቀዣ ቀብድ ከፍላ ተመለሰች። ምን ነካሽ ብላት፣ «ጋሼ፣ ማኅተም ያለበት ቤት እኮ ነው፤ አጭበርባሪዎች ቢሆኑ መሥሪያ ቤቱ እዚያ ይሰቅል ነበር?» አለችኝ። የክቡርነትዎን መሥሪያ ቤት እንዳላስቀይም ወደ ገመዴና ባልዲዬ ተመለስኩ።

ሁለተኛ፦ «የመጨረሻ ቀን» የሚለው ጽሑፍ በተበየደ ብረት ፍሬም ውስጥ ነው ያለው። ለአንድ ቀን ቢሆን ካርቶን ይበቃው ነበር። ማታ ማታ ወደ ውስጥ ሲያስገቡት እንዳይቧጨር ጨርቅ ያለብሱታል፤ እንዲህ የሚሳሱለት ነገር ነገም እንደሚያስፈልጋቸው እጠረጥራለሁ። ከሥሩ ደግሞ በቀይ የተሰረዘ ትልቅ ዋጋ አለ። ማቀዝቀዣዎቹ ከመኪና ከወረዱበት ቀን ጀምሮ እዚሁ ነኝ፤ በተሰረዘው ዋጋ የገዛ ሰው አላየሁም፤ ዋጋው ተሰርዞ የተወለደ ይመስለኛል። ይሁንና እኅቴ «ይህን ያህል ቀነሱልኝ» እንጂ «ይህን ያህል ልከፍል ነው» ስትል አልሰማኋትም።

ሦስተኛ፦ ማቀዝቀዣዎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። ትንሹ የአንድ ሰው ምሳ አይችልም። ትልቁ በሩ አጠገብ የቆመው እንዲገዛ ሳይሆን እንዲያስደነግጥ ነው፤ በእሱ ዋጋ የደነገጠ ሁሉ መካከለኛውን ሲያይ እፎይ ብሎ ቦርሳውን ይከፍታል። ባለፈው አንድ ጡረተኛ መምህር ትልቁን እወስዳለሁ ቢሉ፣ ሻጩ «አባባ፣ እሱ ለእይታ ነው፣ መካከለኛው ይሻልዎታል» ሲላቸው እኔ ሱቅ ድረስ ተሰምቷል።

አራተኛ፦ ይህንኑ ለማስረዳት ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጥቼ ነበር። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በትሕትና ተቀብለውኝ፣ ቅሬታ የሚስተናገደው ዕቃው ተገዝቶ ካለቀ በኋላ ደረሰኝ ተያይዞ መሆኑን ነገሩኝ። «ወንድሜ፣ ገና ካልገዛች እኮ አልተጎዳችም» አሉኝ። ጥበቃ የሚሻ ሰው አስቀድሞ መጎዳት እንዳለበት ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ፤ ባላውቅ ኖሮ በከንቱ ልጠነቀቅ ነበር።

ስለዚህ የመጣብንን በራሳችን አቅም ለመመለስ ሞከርን። ትናንት ሻጩ ደውሎ፣ ቀሪውን እስከ ማታ ካልከፈለች ቀብዱ እንደማይመለስ ለእኅቴ ነገራት። እሷም «ታዲያ ቀብዴን ሜዳ ላይ ልጣለው?» ብላ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች። ቀብዱ ማቀዝቀዣውን ብትወስደውም ብትተወውም ከእጇ እንደወጣ፣ የምንነጋገረው ገና ቦርሳዋ ውስጥ ስላለው እንደሆነ ነግሬያት፣ ቀብድ ባትከፍል ኖሮ ያን ዕለት ሄዳ ትገዛው እንደነበር ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ አንተ እኮ ጥላህንም ትጠረጥራለህ» አለችና ተመልሳ ተቀመጠች። ስፌቷን አንስታ ብዙ ከሠራች በኋላ ቀና ሳትል፣ «ደግሞስ ምን ላስቀምጥበት ነው፣ ክር?» አለች። ቀብዱን ተወችው። በደስታ አልነበረም፤ ራት አልበላችም። ማሽኑ የሚገዛበት ገንዘብ ግን ቀብዱ የሄደበትን ያህል ጎድሎ ነው የቀረው፤ የጎደለውን እኔ ሞላሁ።

ክቡርነትዎን የምለምነው ቀላል ነገር ነው፤ ወይ ማስጠንቀቂያው ከዚያ በር ይውረድ፣ ወይ ከማኅተሙ ሥር፣ ከማኅተሙ ባላነሰ ፊደል፣ «ይህ ማኅተም ለዕቃውም ለዋጋውም ዋስ አይደለም» ተብሎ ይጻፍበት። ቦታውን ማን እንደመረጠው አልጠይቅም። ሲሰቀል መሰላሉን ደግፎ የያዘው የመደብሩ ባለቤት መሆኑንም ያነሳሁት የሰውየውን ደግነት ለማመስገን ብቻ ነው።

ለሸማቹ በሚያሳዩት፣ ከሩቅ በሚታይ አሳቢነት ልቡ የተነካ፣ በምክርዎ መሠረት ትእዛዝዎንም ቢሆን አስቦ የሚፈጽም አክባሪዎ፣

ከመደብሩ ፊት ለፊት ያለው ባለ ሱቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በጽሕፈት ቤትዎ ኮሪደር ተራ ስጠብቅ፣ ያው መካከለኛው ማቀዝቀዣ ፕላስቲኩ ሳይላቀቅ ከቢሮዎ በር አጠገብ ቆሞ አየሁት። ስጦታ ነው የሚል ሐሳብ በልቤ አላለፈም ብል እዋሻለሁ፤ ሆኖም ክቡርነትዎም እንደ እኅቴ «በመጨረሻው ቀን» ደርሰውበት ይሆናል ብዬ ማሰብ መርጫለሁ። እንደዚያ ከሆነ፣ እርስዎ ገዝተው ስለጨረሱ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ቅሬታዎን ወዲያው ይቀበሉዎታል፤ ደረሰኙን ማሳየት ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ።

ነገ፦ ሱቁን ከመክፈቴ በፊት ከእኅቴ ጋር ማሽኑን ለማየት። የማሽኑ ሻጭ በሚሰጣት ስስ ጨርቅ እንዳትሞክር፤ ስሱን ማንኛውም ማሽን ይዘመዝመዋል፤ የራሷን ወፍራም የደንብ ልብስ ጨርቅ ትያዝ።