ማንም የማያጠናው የይለፍ ቃል

ኅዳር ፲፬ ቀን፣ ባሕር ዳር

የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ቁራሽ ስለምን ውሻ ነከሰኝ፤ ቅማልና ብርድ ተፈራረቁብኝ፤ ዳዊት ስደግም አንዲት ቃል ብስት አለንጋ አረፈብኝ። አላጉረመረምሁም። የምመራውን የገበሬዎች ዩኒየን የኮምፒውተር የይለፍ ቃሎች ሁሉ በቃሌ የያዝሁት በዚያ ትምህርት ነው።

አሁን ግን የቃሎቹ እስረኛ ሆኛለሁ። እኅቴ ከጣና ማዶ ደልጊ ከተማ ታማ ተኝታለች። ሠራተኞቹ የይለፍ ቃል ሲቸግራቸው የሚደውሉት ለእኔ ነው፤ በጀልባ ስሻገር ሐይቁ ላይ ደግሞ ስልክ አይሠራም። ስለዚህ ልጠይቃት አልሄድሁም።

ዛሬ የኮምፒውተር ባለሙያችን ትርሲት የይለፍ ቃሎችን በምስጢር የሚጠብቁ ሁለት የኮምፒውተር ሥርዓቶችን አወዳድራ አቀረበች። አንደኛውን የሚያከራየን መረጃችንን በክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሩቅ ኮምፒውተሮቹ ላይ፣ የሚያስቀምጥልን ድርጅት ነው፤ ቀላል ነው፣ ቁልፉ ግን በባዕድ እጅ ይገባል። ሁለተኛውን ራሳችን እናስተዳድረዋለን፤ የይለፍ ቃሎቹን በየጊዜው ራሱ ይለውጣል። ዋናው ቁልፉም ለሦስት ሰዎች ይከፈላል፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሲገናኙ ሥርዓቱ ይከፈታል።

«አዲሶቹን ቃሎች ማን ያጠናቸዋል?» አልኋት።

«ማንም፣ የኔታ። ማሽኑ ብቻ ነው የሚያውቃቸው።»

«እኔስ?»

«እርስዎማ ይረፉ እንጂ! እርስዎን ጉንፋን በያዘዎት ቁጥር ዩኒየኑ ሁሉ ያስነጥሳል።»

ገንዘብ ያዡ ሐጂ እድሪስ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ዕድሜዬን ሙሉ የኮራሁበትን ነገር ማሽን ሊረከበኝ መሆኑ መረረኝ።

ሁለተኛውን መርጫለሁ። የሚተከለው ሰኞ ነው፤ እስከዚያ እግዚአብሔር እኅቴን ያቆይልኝ። ያን ዕለት የይለፍ ቃሎቹን አንድ በአንድ ለትርሲት እነግራታለሁ። ከዋናው ቁልፍ አንዱን ክፍል ለእርሷ፣ አንዱን ለሐጂ እድሪስ፣ ሦስተኛውን ለምክትሌ እሰጣለሁ። ለእኔ ምንም አላስቀርም።