ሂንዲ ሳላውቅ የተረጎምኩት ፊልም

ሰኞ

አሪየት ዛሬ ተቆጥታብኝ ሄደች። የአብሮ አደጌ የኦሞድ ሚስት ናት፤ ባሮ ዳር ዓሣ ትሸጣለች። የጀመረችው የቲቢ መድኃኒት ስድስት ወር የሚዋጥ ነው፤ በሦስተኛው ወር አቋረጠችው። ከእኔ መድኃኒት ቤት የምትፈልገው ቀዩን ሽሮፕ ብቻ ነው።

«ጤና ጣቢያ ስገባ ሰው ያየኛል። ኦሞድም ብርጭቆ ለየብኝ። ክኒኑ ይቅርብኝ» አለች።

ቀዩ ሽሮፕ ቫይታሚን ነው፣ ቲቢ አያድንም አልኳት።

«ፊልሙ ላይ ልጁ በእሱ አይደል የዳነው? ራስህ ነህ እኮ የነገርከን፣ ጋሽ ጀማል!»



ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ የአባቴ ቪዲዮ ቤት በሐሳቤ። ኒውላንድ ሰፈር፣ የቆርቆሮ ቤት፣ ጄኔሬተሩ ከውጭ ይጮኻል። አኙዋኩ፣ ኑዌሩ፣ ደገኛው አንድ አግዳሚ ላይ ተጣቦ። እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ የህንዱን ፊልም በአማርኛም በአኙዋክኛም እተረጉማለሁ። ሂንዲ አንድ ቃል አላውቅም! የተዋናዮቹን ፊት እያየሁ እፈጥራለሁ። እንዴት ደስ ይል ነበር! እኔ ሳለቅስ አብሮኝ የማያለቅስ አልነበረም። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ «ምላስህ ማር ነው» ይለኝ ነበር።

ያን ፊልም ደጋግመን አሳይተናል። ልጁ ደም ያስላል፣ እናቱ ብርጭቆውን ከእጁ ትቀበለዋለች። «ለየችበት፤ በሽታው በብርጭቆ ይተላለፋል» አልኩ። ልትሞላለት ይሆናል እኮ። ቀጥሎ ቀይ ነገር ይጠጣል፣ ከዚያ ይጨፍራል። «ሽሮፑ አዳነው» አልኩ። ምን እንደጠጣ ዛሬም አላውቅም።

ረቡዕ

እስከ ምሳ ድረስ ሽሮፕ ጠያቂ አራት። አንዷ ከከተማ ውጭ፣ ከጀዊ ድረስ የመጣች ናት፤ ፊልሙን አላየችም፣ አክስቷ ነግራት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከመደርደሪያዬ ከሁሉ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ስለሚሸጥልኝ ነው ያልጠየቅኩት።

ሐሙስ

ወንዝ ዳር ወርጄ ለኦሞድ ሁሉንም ነገርኩት። መረብ ይጠግን ነበር። መጀመሪያ ሳቀ። ቲቢ በትንፋሽ እንጂ በብርጭቆ እንደማይተላለፍ፣ አሪየት መድኃኒቱን ከተወች ልትሞትበት እንደምትችል ስነግረው ሳቁ ቆመ።

«ወንድሜ ኦባንግ ሲያስል ጎጆ ለብቻ ሠራንለት። ሳህን ለብቻ። ሽሮፕ ከአንተ ቤት ገዛን። ብቻውን ሞተ። ያ ሁሉ አንተ ከራስህ ያወራኸው ነው?»

አዎ አልኩት። ጀርባውን ሰጠኝ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሽሮፑን ከመደርደሪያ አወረድኩ። ለሚያስል ሁሉ «መጀመሪያ ተመርመር» እላለሁ። አንዱ ሰምቶኝ ሄደ፣ ሁለቱ ሰደቡኝ። አሪየት አልመጣችም። 

ቅዳሜ

መጣች! ጤና ጣቢያ እንደገና መርምረው መድኃኒቱን አስጀምረዋታል። ነርሷ በማቋረጧ ክፉኛ ተቆጥታታለች።

«ኦሞድ ነው የወሰደኝ። ውስጥ ድረስ ገባ፣ ሰው እያየው» አለች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

እሱ ውጭ ሞተር ላይ ተቀምጧል። ወጣሁ። ሰላምታዬን አልመለሰም። «ኦባንግ ያንን ፊልም ከሁሉ ይወደው ነበር። ጎጆው ውስጥ ሆኖ አንተን እያስመሰለ ይተርክልን ነበር፤ እኛ ከውጭ እንስቃለን» አለና ሞተሩን አስነሳ።

ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት አሪየት ሞተሩ ላይ ከኋላው ወጣች፤ ሄዱ። ነገ ወንዝ ዳር እወርዳለሁ። ባይመልስልኝም እለዋለሁ።