የሐጃ ሱዓድ ግቢ እስስት

ቅዳሜ

ቅጠል መስላኝ ልቀነጥሳት ነበር። የጀሐነሚያውን አበባ የደረቀ የደረቀውን እየቆረጥኩ ሳለ አንዱ ቅጠል ዓይኑን አዞረ። ወላሂ! አንዱ ዓይን ወደ እኔ፣ ሌላው ወደ ግድግዳው። መቀሱን ጥዬ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። እኛ ወሎ፣ እስስት ጥርስ ከቆጠረች ጥርስ ይረግፋል ይባላል።

አሠሪዬ ሐጃ ከገመድ አልጋቸው ላይ ሆነው፣ «ምን ሆንሽ ያ ቢቲ፣ ልጄ? እባብ ነው?» አሉ። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ በጆሯቸው ነው የሚያዩት።

«እስስት ናት» አልኩ፣ አፌን ሳልከፍት።

ሳቁብኝ። ከአገራቸው ጦርነት ሽሽት ወደዚህ ወደ ቡሪ ሰፈር ከተመለስን ወዲህ እንደዚህ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ

የተቀመጠችበትን ቀለም የምትቀዳ ይመስለኝ ነበር። እንደሱ አይደለም። ጠዋት በብርዱ ጠቁራ ደረቅ እንጨት ትመስላለች። ፀሐይ ስትነካት ቀስ እያለች አረንጓዴ ትሆናለች። ስትቆጣ ትዥጎረጎራለች። ስትራመድ ደግሞ አንድ ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ፣ ነፋስ እንደሚያወዛውዘው ቅጠል። ነፋስ ሳይኖር!

ቁራ መጣ። ሰውነቷን አቅጥና ከቅርንጫፉ ጀርባ ዞረች።

«አሁንስ የት ናት?» ሐጃ ናቸው።

«ዝም ብላለች።»

«ዝም ካለች በምን አየሻት?»

«እሷን አላየሁም ሐጃ። ቁራውን ነው የማየው።»

አንዴ ማየት ከጀመሩ ማቆም የለም። የግድግዳዋ እንሽላሊት ኖራ መስላለች። ፌንጣው ሣር ነው። ከአጥሩ ውጭ ባዶው ቦታ ላይ ከረዋን የሚሏት ወፍ ሁለት እንቁላል ጥላለች፤ ጎጆ የለ፣ ምን የለ፣ አፈር ላይ። አፈር የመሰለ ዝንጉርጉር እንቁላል። ለጥቂት ነው ሳልረግጠው የቀረሁት። ለሐጃ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ሰሙኝ።

ሰኞ

የሐጃ ልጅ ሙዓዝ ባሕሪ ከሚባለው ሰፈር መጣ። ግቢው በሙሉ በላጥ የሚሉት የወለል ንጣፍ ይነጠፋል፣ አፈር የሚባል አይታይም፣ ሠራተኞቹ ሐሙስ ይመጣሉ አለ።

ክፉ ሰው አይደለም። ስንሸሽ እናቱን በጀርባው ያዘለ ልጅ ነው። «ዘይነባ፣ እናቴ አታይም። ጊንጥ ብትረግጥስ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ባለፈው ሳምንት ከአልጋቸው ሥር ያገኘሁትን ጊንጥ በጫማዬ የገደልኩት እኔው ነኝ።

እስስቷ ግድ የላትም፣ ወደ ጎረቤት ዛፍ ትሻገራለች። እንዲህ እያልኩ ሆዴን አጽናናሁት።

ማክሰኞ

እስስቷን አሟታል። ሆዷ ተነፍቷል፣ ቢጫ ነጠብጣብ አውጥታለች። ዝንብ አጠገቧ አርፎ ምላሷን አላወጣችም። ይባስ ብሎ መሬት ወረደች። ዛፍ ላይ ማንም የማያያት ልጅ ሜዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

ዐማራት ሰፈር ሰው ቤት ለምትሠራው ጓደኛዬ ለትርንጎ ደወልኩ። «መርዝ በልታ ይሆናል። ብቻ እንዳትስቂባት፣ ለጥርስሽ!» አለችኝ። እሷ ናት ያሳቀችኝ።

ሐጃ ግን አልሳቁም። «ጎኗ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል?»

«አዎ።»

«አንቺ ሞኝ፣ አርግዛለች እኮ!»

መጥረጊያ ይዤ የጎረቤቱን ድመት ስጠብቅ ዋልኩ። ወጥ አረረብኝ። ሐጃ ያረረውን በልተው አልሐምዱሊላህ አሉ።

ረቡዕ

ወለደች። ማለቴ እንቁላሏን ጣለች። ከሎሚው ሥር ጠዋት መቆፈር ጀምራ፣ ጉድጓዱ ጭራዋን ብቻ እስኪያስቀር ገባች። ከዚያ ዞራ ጭንቅላቷን ብቻ አውጥታ ተቀመጠች፤ አፈሩን መስላ። ከሰዓት በኋላ ስትወጣ ባዶ ካልሲ መስላለች። እንዲያም ሆና አፈሩን በእግሯ መለሰች፣ ጠቀጠቀች፣ እንደገና ጠቀጠቀች። ስትጨርስ ቦታውን ዓይኔ እያየ አጣሁት። ሁሉም ያው አፈር ነው። ሮጬ ማንኪያ ተከልኩበት።

ነገ በላጡ ነው።

«ሐጃ፣ አውጥቼ ሌላ ቦታ ልቅበረው?»

«አይሆንም። የነዚህ እንቁላል ከተገላበጠ ይበላሻል።»

«ታዲያ ለሙዓዝ እንንገረው?»

«እሱን ለኔ ተይው።»

ሐሙስ

ሠራተኞቹ ሳይመጡ አልጋዬን ከሎሚው ሥር አውጪልኝ አሉ። ማንኪያው ካለበት ላይ። ነጭ ቶባቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ተቀመጡ። ከጎናቸው ቆምኩ።

«ዩማ፣ እናቴ፣ ተነሺ እንጂ፣ ሊያነጥፉ ነው» አለ ሙዓዝ።

«ያንጥፉ። ይህችን ታህል ብቻ ተዉልኝ።»

«ለምን? ጊንጡስ?»

«ከጊንጥ ዘይነባ ትጠብቀኛለች። እዚህ እኔን ያመኑ ልጆች አሉ።»

ዞሮ አየኝ። ከሥራ ያባርረኛል ብዬ እያሰብኩ ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣም። በርከክ ብሎ አፈሩን አየ።

«የቱ ጋ?»

«እኔም አይታየኝም። ማንኪያው ነው የሚያውቀው።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እሱ ግን፣ «ስንመለስ እዚህ ግቢ ነፍስ ያለው ነገር የቀረ አልመሰለኝም ነበር» አለ። ሐጃ እጃቸውን ሰደው ራሱን ፈለጉና ደባበሱት፣ እንደ ሕፃን።

የመስገጃ ምንጣፍ የምታህል አፈር ቀረች። ዙሪያዋን ጡብ ደረደሩላት።

ዓርብ

እናቲቱ የለችም። ጀሐነሚያውን ቅጠል በቅጠል አየሁት። ቁራ ወስዷት ይሆን? ወይስ ፊቴ ቆማ ነው? ሐጃ «ካላየሻት ደህና ናት ማለት ነው» ይላሉ። እሱን ብዬ ልተኛ።

እንቁላሉ እስኪፈለፈል ብዙ ወር ነው አሉ። «እኔስ እደርስ ይሆን?»

«ኢንሻአላህ፣ አብረን እንደርሳለን» አልኳቸው፣ ሳላስበው። ከዚህ ቤት ዓመቱን እቆያለሁ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለራሴም።

ከሰዓት ሙዓዝ ደወለ። እናቱ መብላታቸውን፣ መስገዳቸውን ነገርኩት። ስልኩን ግን አልዘጋውም። «አፈሩስ? በዚህ ሙቀት አይደርቅም? ውሃ ረጨት አታደርጊበትም?» አለኝ።

በእጄ ትንሽ ረጨሁበት። ይጥቀም ይጉዳ አላውቅም።