መጁን ብቻ ጫኑ

ጥር 14
ልብስ አጠብኩ፣ ሽሮ ሠራሁ፣ ሦስቴ ወጥቼ መኪናዋን አየሁ። ዛሬም በር ላይ ናት። የት ትሄዳለች?

ባሌ ሰማኸኝ የመንገድ ሥራ ሾፌርነቱን ሲተው አሮጌ ኮስተር ገዛና ወንበሮቿን ነቅሎ አልጋ፣ ምድጃ፣ የውሃ ሮቶ ገጠመባት። ቤት ሆነች። በሷ ሐዋሳ፣ ከዚያ አርባ ምንጭ… ሦስት ወር። እኔም ለምጽፍበት መጽሔት ከመንገድ ላይ እጽፋለሁ ብዬ አዘጋጁን አሳምኛለሁ። ታዲያ ባሌ የሚያወራው ስለ ኪሎ ብቻ ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን ልክ አንብቦ፣ አልጋውን ምናምኑን ቀንሶ፣ የቀረን ስድስት መቶ ኪሎ ነው አለኝ፤ ውሃውም እኛም ከዚያው ነን። እኛም? ኪሎዬን ጠየቀኝ። አራት ቀንሼ ነገርኩት። ሴት ልጅ ኪሎዋን ለባሏ በትክክል ትናገራለች እንዴ?

ጥር 16
ወሬው ወረታን ዞረ። ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ እዚህ ለማን እዋሻለሁ። ጠዋት የሰፈራችን ሰው የአንለይ ሚስት አዲስ አበባ ላለች ልጇ በርበሬ ይዛ መጣች። ቀጥሎ ቅቤ። ቀጥሎ ሁለት ዶሮ፣ ከነነፍሳቸው… ሰው መንገደኛ ካየ አደራ ይሰጣል፤ መንገደኛም እምቢ አይልም። እምቢ ያለ በየትኛው ፊቱ ተመልሶ ይገባል?

ከሰዓት ጎረቤታችን እትዬ ዙህራ ከሱቋ ሁለት ማዳበሪያ ሩዝ አስጫነች፤ ሐዋሳ ላሉት ለልጇ ለሰዳም፣ ለምራቷ ለልዕልትና ለትንሿ ሪሃና። ልዕልት የሰማኸኝ እህት ናት። እሱ በስልክ አልተለያትም። እናቱ እማማ ንብረት ግን… ልጄ ከሃይማኖቷ ውጭ አገባች ብለው ሦስት ዓመት ሙሉ ስሟን አልጠሩም። "ያች" ነው የሚሏት። የልጅ ልጃቸውን ሪሃናን አላዩም። የእትዬ ዙህራን ደጅም አልረገጡም።

ጥር 18
ለሙከራ ወደ ይፋግ ነዳን። ዕቃው ሁሉ ከኋላና ከፖርቶ መጋላው ላይ… እዚህ አገር ሚኒባስ የሚጫነው እንዲያ ነው፣ ምን አጠፋን? ሜዳው ላይ ነፋስ ከጎን ሲመታን መኪናዋ እንደ ሰካራም ተወዛወዘች። ሰማኸኝ መሪው ቀለለኝ አለ። መቅለሉ ጥሩ አይደለም ወይ? አይደለም አለ። ከኋላ ሲከብድ ፊቷ ይነሳል፣ የፊት ጎማ መሬቱን አይቆነጥጥም፣ መሪ አይታዘዝም። ከፊታችን ከብት ሲያቋርጥ ፍሬን ያዘ። ቆመች፤ ግን አግድም። የአንዲት ላም ትንፋሽ በኔ በኩል መስታወቱን አጠነው። 

ስንመለስ ሩዝ መፈልፈያው ግቢ ውስጥ ያለው የመኪና ሚዛን ላይ አወጣት። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቿን ብቻ፣ ቀጥሎ የኋላዎቹን። የኋላው ከልክ አልፏል። ሂሳቡም ትንሽ አልገጥም አለው። እኔ ሰማይ ሰማይ አየሁ።

ጥር 19
ሁሉም ወረደ። እየተመዘነ እንደገና ይገባል። የከበደው ወለል ላይ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መሃል። ላይኛው ላይ ፍራሽና ባዶ ጄሪካን ብቻ። ሮቶው ግማሽ ይሞላል፤ ውሃ በየከተማው አለ። ዶሮዎቹ በክብር ተመለሱ፣ በርበሬው ከግማሽ በታች ሆነ። የአንለይ ሚስት፣ ለበርበሬ የሚጎብጥ መኪና ዛሬ አየሁ ብላ ሰፈሩን አሳቀችብኝ።

የኔ ሦስት ካርቶን መጽሔትም ወረደ። ስንት ዓመት የጻፍኩበት። ሰማኸኝ፣ ሦስት ወር ለሚቆይ ሰው ይሄ ምን ያደርግለታል አለኝ።  እውነት ለምን ጫንኩት? ላለመመለስ ነው እንዴ የሸከፍኩት? … ተጣላን። በማይረባ ነገር።

የተረፈን ሠላሳ ኪሎ ነው። ለድንገት ይቀመጥ አለ።

ጥር 21
ድንገቱ በባጃጅ መጣ። እማማ ንብረት ከመንደራቸው ከቁሐር ሚካኤል፣ እግራቸው ሥር በጆንያ የተሸፈነ ነገር ይዘው… ወፍጮና መጅ፣ እህል የሚፈጭበት ታችኛው ድንጋይና በእጅ የሚገፋው ላይኛው። ገና ሙሽራ ሳሉ እናታቸው ከፋርጣ በአህያ አስጭነው የሰጧቸው ነው፤ እዚህ ፎገራ ሜዳ ላይ እንኳን ወፍጮ ለውሻ የሚወረወር ድንጋይ አይገኝም። በቤታቸው ልማድ ሴት ልጅ ስትዳር ይሰጣታል። ልዕልት ስትዳር አልተሰጣትም።

"ለያች ስጧት" አሉ። ሌላ ቃል የለም። ተቀመጡ ብላቸው እንኳ እምቢ፣ የባጃጁ ሞተር ሳይጠፋ ተመለሱ።

ሐዋሳ ማን በእጅ ወፍጮ ይፈጫል? አልተናገርኩም። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል። ሰማኸኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆየ። ከዚያ መዘነው። አርባ ስድስት። አውርዶ እንደገና መዘነው… ድንጋይ ያው ድንጋይ ነው።

"ይፋግ ላይ ያየሁትን የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ መድገም አልፈልግም" አለ። ደግሞም፣ "እንዴት ብዬ እማዬን ድንጋይሽን ውሰጂ እላታለሁ?"

ጥር 22
ዛሬም አልሄድንም። ወፍጮው ደጃፍ ላይ ተጎልቷል። እኔም አጠገቡ።

ጥር 23
ድንጋዩ ከልክ እንዳለፈብን ለእትዬ ዙህራ ነገርኳት። ጨው ልገዛ ሄጄ… ይሄ አፌ መቼ ያርፋል?  ከሰዓት መጥታ ሁለቱንም ማዳበሪያ አስወረደች። አንዱ ቢወርድ ይበቃል ብላት አልሰማ አለች።

"ሩዝ በየወሩ ይላካል። የንብረት ሦስት ዓመት የፈጀ ነው፣ እሱ ይሂድ። ግን እንዳትነግሪያት፣ አደራ።"

ይሄኛው አደራ ሚዛን ላይ አይወጣም። ታዲያ ምነው እንዲህ ከበደኝ?

ጥር 24
ነገርኳቸው። በስልክ። እማማ ንብረት ወዲያው፣ "በይ ደህና ዋይ ልጄ" ብለው ዘጉት። ተቆጡ? አበላሸሁት?

ጥር 25
እማማ ንብረት በጠዋት መጡ። ወደኛ አይደለም… ቀጥ ብለው ዙህራ ሱቅ። ሰፈሩ ቆሞ አየ። እኔ ሌላ ጨው ልገዛ ተከትዬ ገባሁ።

ሰላምታው ረዘመ። ስለ ጉልበት፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዘንድሮው ሩዝ ተጠያየቁ። ከዚያ እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ሩዝሽን አስወረድሽ አሉ።"

እትዬ ዙህራ እኔን አየችኝ። እኔ ጨው እመርጣለሁ።

"መልሰሽ አስጭኚው። ድንጋዩን ሁሉ ብሰድላት ስንብት ይመስላል። መጁን ብቻ ይጫኑ። ወፍጮው አንቺ ዘንድ ይቀመጥ።"

"እኔ ዘንድ?"

"የኔ ቤት ክረምት ውሃ ይገባዋል።" ወደ ባንኮኒው ጠጋ አሉ። "ደሞስ ስትመጣ አስቀድማ የምትገባው አንቺ ዘንድ አይደል? እኔም እዚሁ እመጣለሁ።"

 እትዬ ዙህራ የስኳሩን ጆንያ ገፋ ገፋ አደረገችና ከባንኮኒው ኋላ ቦታ ለቀቀች። ወፍጮውን ሰማኸኝ ተሸክሞ አስገባ። የኔን ካርቶኖችም አጠገቡ ደረደርኳቸው፤ ማንም ሳያዘኝ።

ጥር 27
እንደገና ሚዛን ላይ ወጣን። ከፊትም ከኋላም ልክ ገባ። ነገ እንነሳለን። አራቷን ኪሎ ተናዘዝኩ። "አውቄ ጨምሬ ይዣታለሁ" አለ።

ጥር 29
ደብረ ማርቆስ። መሪው ይታዘዛል። መጁ አልጋችን ሥር በጋቢ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ስድስት ኪሎ። ከወረታ ለመውጣት ስቁነጠነጥ ከርሜ፣ ገና ከመውጣታችን ከባንኮኒው ኋላ የተውኳቸው ካርቶኖች ይታዩኛል… ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ?

ለልዕልት ደወልኩላት፤ የኪሎውን ጣጣ ከሰማኸኝ ሰምታለች። እናትሽ መጅ ልከውልሻል አልኳት።

"መጅ ብቻ?"

"መጅ ብቻ።"

"ወፍጮውስ?"

"አማትሽ ሱቅ ነው። ያስቀመጡት እናትሽ ራሳቸው ናቸው።"

ዝም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ አልኩ። ከኋላ ሕፃን ትንጫጫለች።

"ሪሃና ዐሥራ ሁለት ኪሎ ናት" አለች። "ስትመለሱ… ትከብዳችኋለች?"

ሰማኸኝ ጎማው ሥር ተንበርክኮ አየር እየለካ ነበር። ስልኩ ጮክ ይላል፣ ሰምቷል። ቀናም አላለ።

"ውሃውን እንቀንሳለን በያት" አለ።