የዶሮዎች ጠበቃ፦ የእትዬ ማስረጃ የሕይወት ታሪክ

በቤትም በሥራ ቦታም «እትዬ ማስረጃ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት ውድ እህታችን፣ ከልብስ ሰፊው አባታችንና በጓሮ ዶሮ ያረቡ ከነበሩት እናታችን ተወለዱ። ስሙን ያወጡላቸው አባታችን ናቸው። ወተቱን የደፋችው ድመቷ ናት ሲባል፣ ገና አፋቸውን በወጉ ሳይፈቱ «ማን አየ?» ብለው ድርቅ አሉ። ድመቷም በነፃ ተለቀቀች።

የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ የዶሮ በሽታ ሰፈራችን ገባ። የታመመውን ከጤነኛው መለየት የሚችል ስላልነበረ የእናታችን ዶሮዎች በሙሉ ተገደሉ። እትዬ «ጤነኞቹስ ምን አጠፉ?» ብለው ጠየቁ። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ለዚሁ ጥያቄ ነው።

የእንስሳት ሕክምና አጥንተው በማዕረግ ተመረቁና በምርምር ተቋም ተቀጠሩ። የቤተ ሙከራው ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ሊጠግኑ የመጡት ባለሙያ፣ ማቀዝቀዣው ከተሠራ በኋላም መመላለሳቸውን አልተዉም። ተጋብተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

እትዬ የተያያዙት ሥራ የዶሮን ቫይረስ እዚያው እርባታው ውስጥ በደቂቃዎች የሚለይ መመርመሪያ መሥራት ነበር። ሰውነት ቫይረስን የሚይዝበት ፀረ እንግዳ አካል ትልቅና ውድ በመሆኑ፣ የሚጨብጠውን ጫፍ ብቻ እየቆረጡ፣ ቁራጮቹን ይጠቀሙ ነበር። «ሠራተኛውን ትቶ እጁን ብቻ መቅጠር ማለት ነው» ይሉን ነበር።

ከብዙ ልፋት በኋላ መመርመሪያው ላይ ቫይረስ መኖሩን የሚያሳየው ቀይ መስመር ወጣ፤ ኬክ ተቆረሰ። እትዬ ግን አላመኑም። ከቤታቸው ጤነኛ እንቁላል አምጥተው ጠብ ቢያደርጉበት ቀዩ መስመር ፍንትው አለ! ለካ ለሙከራው ቫይረሱን ያራቡት እንቁላል ውስጥ ስለነበር፣ ቁራጮቹ የሚጨብጡት ቫይረሱን ሳይሆን እንቁላሉን ኖሯል። ባለቤታቸው «በይ እንግዲህ፣ ቁርሳችንም ታሟል» ቢሏቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በማግስቱ ሥራውን ከሀ ጀመሩ። አስቀድመው ንጹሕ እንቁላል አቀረቡ፤ እሱን የጨበጠውን ቁራጭ ሁሉ አስወግደው፣ የተረፈውን ብቻ ለቫይረሱ አቀረቡ። ይህም ዓመታት ፈጀ፤ ተሳካ።

በመጨረሻም በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ገብተው አልጋ ያዙ። እዚያው ተኝተው ሳሉ አንድ ትልቅ እርባታ ውስጥ በሽታ ተነሣ። መመርመሪያው በሽታው የገባው አንዱ የዶሮ ቤት ብቻ መሆኑን ለየ፤ በሌሎቹ ቤቶች ያሉት ተረፉ። የሥራ ባልደረባቸው ደውለው ሲያበሥሯቸው «ጤነኞቹን አልነኳቸውም?» ብለው ደጋግመው ጠየቁ። እንዳልነኳቸው ሲያረጋግጡላቸው ነርሷን ጠርተው «ነይ እስቲ ልጄ፣ ደስታዬን ስሚልኝ» አሉ።

ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ዐረፉ። በጣም ይናፍቁናል። ለማይናገር ፍጡር የተሟገቱትን እህታችንን ፈጣሪ በምሕረቱ ይቀበልልን። ከኋላቸው የቀሩት ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ እኔ ታናሽ ወንድማቸው፣ እንዲሁም ማን እንዳተረፋቸው ሳያውቁ ዛሬም ጠዋት እንቁላል የጣሉ በሺህ የሚቆጠሩ ዶሮዎች ናቸው።